የአደር ጃማ ሃያ አራት ምላጮች

አደር ጃማ መሞቱን የሰማሁት አንዲት ዘመዴ ስለ ሌላ ጉዳይ በጻፈችልኝ ደብዳቤ ግርጌ ላይ ነው። «ሣጥን ሠሪው ጃማም ባለፈው ወር ዐርፏል፤ ታስታውሽው እንደሆነ» ይላል። ከዚያ በታች ሰላምታና ፊርማ ነው። ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያን ዕለት የተናደድኩት ወሬው ስለዘገየ አልነበረም። «ሣጥን ሠሪው» የሚለው ቃል ነው ያናደደኝ። ዘመዴ ክፉ አስባ አልጻፈችውም፤ ከተማው በመጨረሻ ያወቀው በዚያ ሥራው ነበር። እኔ ግን ሣጥን ከመሥራቱ በፊት ዐውቀዋለሁ። ሣጥን ወደ መሥራት እንዴት እንደገባም ዐውቃለሁ፤ በነገሩ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት።

አደር በሶማልኛ አጎት እንደ ማለት ነው። ዘመዳችን ግን አልነበረም። ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ፣ እሱ አናጢ። በከተማችን ትልቅን ሰው አንቱ ማለት ብዙም አልተለመደም። አደር ብሎ አንተ ማለት በቂ አክብሮት ነው። እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

አናጢ ስል በርና አልጋ የሚሠራ ሰው ማለቴ አይደለም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባሉት አሮጌ ቤቶች በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ እንደ ዳንቴል ተቦርቡሮ የተንጠለጠለ እንጨት አለ። የአደር ጃማ ሥራ እሱ ነበር። መጀመሪያ ስኳር የተጠቀለለበትን ሰማያዊ ወረቀት አራትና ስምንት ቦታ አጥፎ በእናቴ መቀስ ይቆርጠዋል። ከዚያ ወረቀቱን፣ ሐር ለገበያተኛ እንደሚዘረጋ ነጋዴ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ይዘረጋዋል። ቅጠልም ይሁን ኮከብ፣ ማስመሪያ ሳይነካው እኩል ሆኖ ይወጣል።

እንጨቱን የሚቆርጠው መሬት ላይ ሰሌን አንጥፎ ተቀምጦ ነው። ሳንቃውን በሁለት እግሮቹ መሀል አቁሞ በቀጭን የእጅ መጋዝ ይቆርጠዋል። ሌሎች አናጢዎች እንዲህ ዓይነቱን መጋዝ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነው የሚቆርጡት። እሱ ግን ከአባቱ የተማረው በመግፋት ነው። ስለዚህ ምላጩን የሚያስረው ጥርሱ ሁልጊዜ ከእጁ ርቆ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጎ ነበር። ይህን የማነሣው በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው።

ሠርቶ ሲጨርስ እንጨቱን ፀሐይ ላይ ያነሣና ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ጥላ ይመለከታል።

«እንጨቱን ተዪው ሉባባ፤ እንጨት ይዋሻል። ጥላውን እዪ» ይለኝ ነበር።

ጥላው ላይ ጥፋት ካገኘ እንጨቱን ጉልበቱ ላይ ይሰብረዋል። ሚስቱን እዶ ሐሊማ እንላት ነበር፤ እዶ አክስት ነው። «አላህ ይስጠው፣ እሱን ካገባሁ ማገዶ ገዝቼ አላውቅም» ትል ነበር።

የሚንቀው ሥራ አንድ ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከመልካ ጀብዱ የሚመጣው ብርቱካን ወደ ጅቡቲ የሚጫንበትን ሣጥን የሚመቱ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ባለፈ ቁጥር ምራቁን ይተፋል። «ይሄ ሥራ ነው እንዴ? አራት ሚስማር ትመታለህ፣ ባቡር ላይ ትወረውራለህ፣ ጅቡቲ ላይ ሰብረው ይጥሉታል» ይላል።

ነገሩ የሆነው አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከአንድ መሥሪያ ቤት መልስ እየጠበቅሁ ቤት የዋልኩበት ዓመት ነው። አንድ ጠዋት ከግቢው ማዶ ጠራኝ።

«ናያ ሉባባ! ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቷል፤ ይሄን ወረቀት እንጨቱ ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ ሳዪልኝ።»

ሳልኩለት። በማግሥቱም ጠራኝ። አቧራው ሁለት ሳምንት አልወጣም። ዓይኑን አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን ግን በሁለት እጁ መያዝ ጀምሯል። እዶ ሐሊማም ብርጭቆውን እስከ አፉ መሙላት ትታለች። በግቢው ውስጥ ይህን ያላየ የለም፤ ያነሣውም የለም።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ መጣ። ከዚራ ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝቷል፤ የበረንዳው እንጨት በምስጥ አልቋል። «አንድ ክንድ የሚሆን ናሙና ሥራልኝ። ከጅቡቲ በወሩ እመለሳለሁ። ካማረኝ ዙሪያውን በሙሉ ያንተ ነው» አለው። ዙሪያው በሙሉ ማለት የአንድ ዓመት ሥራ ነው። አደር ጃማ «ሃዬ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ነጋዴው ሲወጣ አደር ጃማ ቀኝ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ነበር።

በሳምንቱ፣ አንድ ግሪክ አናጢ ከአገር ሊወጣ ዕቃውን እየሸጠ መሆኑን ሰማ። ከዕቃዎቹ አንዱ በእግር የሚረገጥ የጌጥ መጋዝ ነበር። አደር ጃማ ሄዶ ገዛው። በጋሪ ሲያመጣው ከተማውን በሚያቋርጠው የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎማው ሰጠመ። ሰው ሁሉ ሲገፋ እሱ በጎን ሆኖ መጋዙን በክንዱ ዐቅፎ፣ «ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ አቦ!» እያለ ነበር። ሙሽራ የሚያመጣ ነው የሚመስለው።

መጋዙ እግሩና መርገጫው የእናቴን የስፌት መኪና ይመስላል። መርገጫው መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ አንድ እንደ ክር የቀጠነ ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳል። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ወደ ምላጩ መግፋት ነው። የስፌት መኪና ጨርቁን ተጭኖ የሚይዝ የብረት እግር እንዳለው ሁሉ፣ ይህም እንጨቱን የሚጫን እግር ነበረው፤ ግን ጠፍቷል። ግሪኩ በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ ሃያ አራት ምላጮች ጨምሮ ሰጥቶታል። ድሬዳዋ ውስጥ ሌላ አይገኝም፤ ከጅቡቲ ማስመጣት ወራት ይፈጃል።

«አገጣጠሙን ላሳይህ ቢለኝ፣ አርባ ዓመት እንጨት ስቆርጥ የኖርኩትን እኔን? አልኩት» ብሎ ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁ።

ምላጮቹ እንዳይዝጉ እናቴ መርፌ በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ እንድይዛቸው ለእኔ ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ «አንድ» ይለኛል። አንድ እሰጠዋለሁ።

የመጀመሪያው ምላጭ አንድ ቅጠል እንኳ አልቆረጠም። መርገጫውን እንደ ረገጠ እንጨቱ ከጠረጴዛው ብድግ ብሎ ተመልሶ ወደቀ፤ ምላጩ ቀጭ አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው አንድ ጣት ያህል ቆርጦ ተሰበረ።

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ በሙቀቱ ሥራ የለም። ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ወንዶች ጫታቸውን ይዘው በርጫ ይቀመጣሉ። የአደር ጃማ በርጫ እዚያው መጋዙ የቆመበት ዳስ ሥር ነበር። ከማይቀሩት ሁለቱ ሐጂ ሙሜና ዓሊ ናቸው። ሐጂ ሙሜ ቀድሞ ጋሪዎች የነበሩት ሽማግሌ ነው፤ ዓሊ የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

«ዋር ጃማ፣ የዚህ ነገር ሞተሩ የት ነው?» አለ ዓሊ የመጀመሪያው ቀን።

«እግሬ ነው ሞተሩ።»

«ለዚህ ነዋ! ከነሞተሩ ነው አሮጌ የገዛኸው!»

«ሞተር አይደለም» አለ ሐጂ ሙሜ። «መሬቱ ነው። አሸዋ ላይ የቆመ ነገር መቼ ቀጥ ይላል? ከሥሩ ድንጋይ አስገባ።»

«ምን ድንጋይ!» አለ ዓሊ። «የመዘውሩ ቺንጋ ላልቷል። ወላሂ እኔ በቺንጋ አልታማም።»

«አንተ በቺንጋ ነው በፍሬን የማትታማው? ባለፈው ድልድዩን የገጨኸው በምንህ ነው?»

በጫቱ ሲመረቅኑ የማይገባቸው ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ተነሥተው መጋዙን እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈቱታል። እያንዳንዱን ብሎን እያነሡ ለምን እንደተሠራ ይነጋገራሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምርቃናው ይበርድና ሁሉም ዝም ይላል፤ አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግሥቱ ጠዋት ከጫቱ ገረባ ውስጥ ብሎን የምለቅመው እኔ ነኝ። አደር ጃማ መልሶ ይገጥመዋል፤ «አንድ» ይለኛል፤ ቀጭ ይላል። ከቀትር በኋላ ሌላ መድኃኒት ይገኛል። ድንጋይ አስገቡ። ቺንጋውን አሳጠሩ። ዓሊ ከመኪናው ሞላ አምጥቶ በመጋዙ ሞላ ምትክ ከተተበት፤ ያን ዕለት ሁለት ምላጭ ሄደ። ሐጂ ሙሜ የግሪኩ ዓይን ነው ብሎ ቁርኣን ቀራበት።

ከግቢው ማዶ እናቴ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አያለሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ዘጠኝ ምላጭ የቀረ ዕለት ነው የገባኝ። የመኪናችንን እግር ሳላወርድ ስሰፋ መርፌው ሲወጣ ጨርቁን ይዞት ተነሣ። መርፌው ሲወርድ ጨርቁ ይተኛል፤ ሲወጣ ይነሣል። የአደር ጃማ እንጨትም የሚዘለው ምላጩ ሲወጣ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሳያዩኝ ሄጄ የታሰረውን ምላጭ በጣቴ ዳሰስኩት። ጥርሱ ወደ ላይ ያያል። መሬት ላይ ሆኖ ሲቆርጥ እንደኖረው፣ መጋዙን ከሚነዳው እጅ ርቆ እንዲያይ ነው ያሰረው። እዚህ ግን የሚነዳው ከታች ነው። ጥርሱ ወደ ላይ ካየ እንጨቱን ወደ ላይ ይዞት ይወጣል፤ ወደ ታች ቢያይ ግን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከግሪኩ ጊዜ የቀረ ስባሪ ምላጭ ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁ። ጥርሱ ወደ ታች ነበር።

ለእዶ ሐሊማ ነገርኳት።

«እኔ ልንገረው?» አለች። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ሚስማር የት እንደሚመታ እንኳ ነግሬው አላውቅም። አንቺ ተምረሻል፤ አንቺ ንገሪው።»

ጠዋት ልነግረው ስነሣ ዓሊ ቀድሞኝ መጥቶ ተቀምጧል። ቢሆንም ጀመርኩ።

«አደር፣ ምናልባት ምላጩ ተገልብጦ እንዳይሆን...»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ናያ፣ ሳዪ ስልሽ ሳዪ። ምላጭ ስልሽ ምላጭ ስጪኝ።»

ዓሊ ሳቀ። «ተዋት እንጂ፣ መሐንዲስ ሆና ልትቀጠር ነው!»

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አልደገምኩትም። ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት። በየጠዋቱ ቆርቆሮውን ከፍቼ፣ እንደሚሰበር እያወቅሁ፣ በዝምታ አቀብለው ነበር። ተናድጄ ነበር። ከውስጤ የሆነ ነገር ምላጮቹ ሁሉ ይለቁ ይል እንደነበር አልክድም።

አንድ ሲቀር ግን ፈራሁ። ነጋዴው ሊመለስ አራት ቀን ቀርቶታል። ዕለቱ ጁምዓ ነበር። አደር ጃማ የመጨረሻውን ምላጭ አስሮ ሳይረግጠው ለሶላት ሄደ። ግቢው ባዶ ነበር። ተሻገርኩ፤ የላዩንና የታቹን ማጥበቂያ ፈታሁ፤ ምላጩን ገልብጬ ጥርሱን ወደ ታች አድርጌ አሰርኩት። ተመልሼ በእናቴ ስፌት ላይ ቁልፍ መትከል ጀመርኩ።

ከመስጊድ ከሐጂ ሙሜና ከዓሊ ጋር መጣ። የዕለቱ መድኃኒት በመጋዙ እግር ላይ የሚጫን አሸዋ የሞላ ጆንያ ነበር። ጫኑት። አደር ጃማ ተቀመጠ፤ እኔ የሳልኩትን ሳንቃ አጋደመ፤ ረገጠ።

እንጨቱ አልተነሣም። መጋዙ እንደ እናቴ መኪና እኩል እየመታ ይቆርጥ ጀመር፤ ብናኙ ጉልበቱ ላይ ይወርዳል።

«አሸዋው!» አለ ሐጂ ሙሜ፣ ጆንያውን በከዘራው እየመታ። «አልነገርኳችሁም? ከመጀመሪያውም መሬቱ ነው ብያለሁ!»

«ሞላውን ማን አጠበቀው? ሐጂ፣ አቦ፣ በሰው ሥራ አትግባ!»

ደስ አለኝ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ደስ አለኝ።

አደር ጃማ አንድ ቅጠል ዞሮ ሁለተኛውን አጋመሰ። እኔ ያላሰብኩት፣ ከዚያ ሁሉ ሰውም ማንም ያላሰበው ነገር የታየኝ ያኔ ነው። ምላጩ ባለበት ይቆማል እንጂ መንገድ አያውቅም። እንጨቱን ወደ ምላጩ የሚያዞረው እጅ ነው። መርገጫው መግፋቱን ከእጁ ወሰደለት፤ መምራቱን ግን አልወሰደለትም፤ ያ እጅ ደግሞ ብርጭቆ እንኳ ለብቻው አይዝም።

መርገጡን አቆመ። የቆረጠውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አነሣው። የቅጠሉ ጠርዝ ግድግዳው ላይ ንፋስ እንደ ነካው ውኃ ተሸብሽቦ ታየ።

«ማሻአላህ!» አለ ዓሊ ሳያይ። ሐጂ ሙሜ ጆንያውን እያስተካከለ ነበር።

አደር ጃማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ጥላውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ምላጩን በጣቱ ዳሰሰ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ቀና ሲል በቀጥታ ወደ እኛ በር አየ። ዓይኔን ቁልፉ ላይ ተከልኩ።

ማጥበቂያውን ፈታ። ምላጩን፣ ደህናውን፣ ያልተሰበረውን ምላጭ አወጣው። ገለበጠውና ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ መልሶ አሰረው።

«ምን ልታደርግ ነው? ሠራ አይደለም እንዴ?» አለ ዓሊ።

«ላስተካክለው ነው።»

ረገጠ። እንጨቱ ዘለለ፤ ምላጩ ቀጭ አለ።

«አለቀ» አለ አደር ጃማ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። «ግሪኩ አታሎኛል። መጋዙ አይረባም።»

የቆረጠውን እንጨት ጉልበቱ ላይ ሰብሮ እዶ ሐሊማ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሐጂ ሙሜና ዓሊ እስኪመሽ ግሪኩን ሲረግሙ ዋሉ።

ነጋዴው ሲመጣ፣ መጋዙ የማይረባ ሆኖ እንደተገኘና በእጅ ብቻ ያን ያህል ሥራ በጊዜ እንደማይደርስ ነገረው። ነጋዴው አዘነለት፤ ሌላ ሰው ፈለገ። በሚቀጥለው ሳምንት አደር ጃማ መዶሻውን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደ። የብርቱካን ሣጥን ቢጣመም ጥላውን የሚያይ የለም።

አንድ ቀን ከእናቴ የተዋሰውን የስፌት መኪና ዘይት ሊመልስ መጣ። እናቴ ገበያ፣ ቀፊራ ሄዳ ነበር። ዘይቱን ሰጥቶኝ አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ ያዞርሽው።»

«አዎ አደር።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዘጠኝ ሲቀሩ።»

«ዘጠኝ» አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ጀምሬ ነበር። ዓሊ ነበረ።»

«ዓሊ ሁልጊዜ አለ፤ ዓሊ የት ይሄዳል?» አለ። ፈገግ ሊል የፈለገ መሰለኝ፤ ግን አላለም። «ዘጠኝ ሲቀሩ ብትነግሪኝ ኖሮ ለብቻዬ አየው ነበር። ሰው በሌለበት፣ ጠዋት።»

የዘይቱን ዕቃ መኪናው ሥር አስቀመጥኩት።

«ያን ቅጠል አይተሽዋል?» አለኝ።

«አላየሁም አደር።»

አየኝ። ውሸቴን እንዳወቀ አወቅሁ።

«ሃዬ» አለ። «ሰው ሲጠይቅሽም እንደዚያው በዪ።»

ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከመሥሪያ ቤቱ መልስ መጣልኝና ከድሬዳዋ ወጣሁ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሰው ሲጠይቀኝ፣ ግሪኩ አታለለው ወይ ሲሉኝ፣ አዎ አታለለው እል ነበር። አንድ ጊዜ እዶ ሐሊማም ጠየቀችኝ፤ ለእሷም እንደዚያው አልኳት። የማላውቀውን፣ ምንም ያልበደለኝን ሰው ስም ስንት ዓመት እንዳጠፋሁ ሳስበው ያናድደኛል። ዘጠኝ ሲቀሩ አፌን ስለ መዝጋቴ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ያናድደኛል።

አሁን አንዳቸውም የሉም። መጋዙ ደህና መጋዝ ነበር።